መብረቅ የመታው መስመር

ሕሊና ሻረው መብረቅ ትፈራለች። ሰው ሁሉ እንደሚፈራው ዓይነት አይደለም። ልጅ ሳለች፣ ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የአባቷ መንደር፣ አጎቷ ሀብተ ሚካኤል ከነበሬዎቹ እርሻ መሃል ሲመታ በዓይኗ አይታለች። በሬዎቹ ድካም የጣላቸው ይመስል በጉልበታቸው ወረዱ። አጎቷ ሞፈሩን ተደግፎ የተቀመጠ መስሎ ነበር፤ ሰው እየጮኸ ሲደርስለት ግን ነፍሱ የለችም። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር የሕሊና ጉልበት ይከዳታል፣ አፏ ይደርቃል፣ እጇ በረዶ ይሆናል። ጎንደር ኮምፒውተር ስትማር ክረምቱን ብርድ ልብስ ተከናንባ ነበር የምታሳልፈው። የዶርም ጓደኞቿ ብርድ የማትችል ይመስላቸው ነበር፤ እሷም እንደዚያው ይምሰላቸው ብላ ተወችው።

ደባርቅ ተቀጥራ ስትመጣም ለማንም አልተናገረችም። የቀጠራት አንድ የእርዳታ ድርጅት ነው። ያኔ ከተራራው ላይ ባለችው የጊች መንደር ሞባይል አይሠራም፤ ሰው ታመመ ማለት በእግር ወይም በበቅሎ ወደ መኪናው መንገድ መውረድ ማለት ነበር። ድርጅቱ የጊችን ጤና ኬላ ከደባርቁ ሆስፒታል ጋር በሬዲዮ አገናኘው። ጊችና ደባርቅ በቀጥታ ስለማይተያዩ መኪናው መንገድ ላይ ካለው ከሳንቃ በር በላይ ካለ ኮረብታ ላይ ምሰሶ ተተከለ። ምሰሶው ላይ ሁለት የሬዲዮ ሳህን ተሰቀለ፤ አንዱ ፊቱን ወደ ደባርቅ፣ ሌላው ወደ ጊች አዞረ። ከሥሩ ጠባብ የድንጋይ ጎጆ ተሠራ፤ በፀሐይ በሚሞላ ባትሪ የሚሠራ አንድ ኮምፒውተር እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ከአንዱ ሳህን የመጣውን ድምጽ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል።

ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። በተነሳ ቁጥር አንዲት አጭር ፋይል ያነባል። ፋይሏም «ዜሮ የሚባለውን የኔትወርክ ካርድ ቀስቅስ፣ አድራሻው ይህ ነው፤ አንድ የሚባለውንም ቀስቅስ፣ አድራሻው ይህ ነው» ትለዋለች። ዜሮ ከደባርቁ ሳህን ጋር የተያያዘው ነው፤ አንድ ከጊቹ ጋር። ፋይሏ ላይ ስሙ ያልሰፈረ ካርድ ማሽኑ ውስጥ ተሰክቶም ቢሆን እንደተኛ ይውላል፤ ቀስቃሽ የለውም። ያቺን ፋይል የጻፈቻት ሕሊና ናት። ኮረብታው ላይ ሥራ ሲኖራት ሁልጊዜ በጠዋት ትወጣና ደመና ሳይሰበሰብ ትወርዳለች። የሥራ ባልደረቦቿ ትጉህ ሠራተኛ ይሏት ነበር።

በዚያ ሰኔ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወረደው ዶፍ ኮረብታውን በመብረቅ መታው። ሕሊና ደባርቅ ቢሮዋ ሆና ማሽኑን ስትጠይቀው መለሰላት። ዜሮ ደህና ነው። አንድ ግን ጭራሽ የለም፤ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ጊች ተቆርጧል ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ልትወጣ ስትል የድርጅቱ መኪና በማለዳ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሄደ። «እንግዲያው ነገ በጠዋት» አለች ለራሷ፤ እንደማዘንም እንደመደሰትም እያደረጋት።

ቀትር ላይ ዶክተር ምስክር በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ዶክተር ምስክር የሆስፒታሉ የማዋለጃ ክፍል ሐኪም ነው፤ ወጣት ነው፣ ምሳ አብረው ስለሚበሉም ሕሊና አንተ ትለዋለች። ከኋላው እስከ ጉልበቱ ጭቃ የለበሰ፣ ጋቢው በላዩ ላይ የረጠበ ሰው ቆሟል።

«ከጊች ነው የመጣው» አለ ዶክተሩ። «የኔሰው ይባላል። ሚስቱ ወልዳለች። በል ለእሷም ንገራት።»

ሰውዬው ትንፋሹን ሰበሰበ። «ወርቄ ትባላለች። ሌሊት ተገላገለች። ልጂቱ ደህና ናት። የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣ አለ። ደሙ ቆመ ስንል ይመለሳል። ዓለምብርሃን በዚያ በመገናኛው ስትጣራ አደረች፤ የሚመልስላት አጣች። ኋላ ‹ሂድ፣ ሩጥ› አለችኝ።»

ዓለምብርሃን የጊች ጤና ኬላ ነርስ ናት። ከተመደበች ገና ዓመት አልሞላትም።

«አምቡላንስ ወደ ሳንቃ በር ልኬያለሁ» አለ ዶክተሩ። «ነገር ግን በቃሬዛ ተሸክመው የጅንባርን ወንዝ አሻግረው እስኪያወጧት ደሟ የሚጠብቃት አይመስለኝም። ዓለምብርሃን እጇን አስገብታ ማውጣት አለባት። አድርጋው አታውቅም። ማሕጸኑን ከቀደደችው ደግሞ ያው ሞት ነው። አጠገቧ ሆኜ እያንዳንዱን ነገር መንገር አለብኝ። መስመሩን ስጪኝ።»

ሕሊና በመስኮቱ ወደ ተራሮቹ አየች። ከጫፋቸው በላይ ነጭ ደመና እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል፤ ሆዱ መጥቆር ጀምሯል።

«አሁን?» አለች።

«አሁን ነዋ!»

የኔሰው ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ አፈጠጠባት። ሕሊና ፊቷን ለማዞር ብላ መሳቢያውን ከፈተች፣ ትርፉን ካርድና መፍቻውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መኪናው ከአምባ ጊዮርጊስ ተመልሶ ግቢው ውስጥ ቆሟል። እምቢ የምትልበት ምክንያት አጣች።

ሾፌሩ ፀጋው ወሬ የሚወድ ሰው ነበር፤ ፊቷን አይቶ ግን ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። መኪናው በኮረኮንቹ እየዘለለ ወጣ። መንገዱ ዳር ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣሩን ትተው ወደ ገደሉ አፋፍ እየወረዱ ነበር። ሕሊና በመስኮቱ አየቻቸው። አውሬ እንኳ መጠለያውን ያውቃል፤ እኔ ወደ ምሰሶ ልሄድ ነው አለች በልቧ። «ተመለስ» የሚል ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ እየደረሰ ተመለሰ። ከኋላ የተቀመጠው የኔሰው ሳንቃ በር ሲደርሱ ወረደ። «እናንተ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ እሷ» አለና ቁልቁለቱን በሩጫ ያዘው። የቀረውን መንገድ እንደገና በእግሩ ሊመልሰው ነው።

መኪናው የሚደርሰው እስከ ኮረብታው ግርጌ ድረስ ነው። ሕሊና አስታ በሚባለው ቁጥቋጦ መሃል ሽቅብ ወጣች። ከላይ ጎጆውን የሚጠብቁት የፓርኩ ስካውት ጋሽ ቢራራ ጠመንጃቸውን አንግተው፣ የዝናብ ልብሳቸውን ተጀቡነው ተቀበሏት።

«ምነው ልጄ፣ በዚህ ሰዓት?» አሉ። «ሰማዩን አላየሽውም?»

«አየሁት ጋሽ ቢራራ። ጊች ላይ አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው።»

ሽማግሌው አማተቡ። «ማርያም ትድረስላት። ትናንት ምሰሶው ሲመታ ዓይኔ እያየ ነው። እሳቱ እንደ እባብ በሽቦው ወርዶ ጎጆው ገባ። ቶሎ ጨርሺና እንውረድ።»

ጎጆው ውስጥ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ግድግዳው ላይ የነበረው የመብረቅ መከላከያ ቀልጦ ጠቁሯል። ከጊቹ ሳህን የሚወርደው ገመድ መብረቁን መሃል ላይ የሚያስቀር ነገር ሳይኖር ከምሰሶው ጫፍ እስከ ማሽኑ ድረስ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ነው። ያንን ገመድ በእጇ መያዝ አለባት። ማሽኑን አጠፋች፣ ክዳኑን ፈታች፣ የተቃጠለውን ካርድ ነቅላ አዲሱን ሰካች። ገመዱን ስታነሳ ሁለቴ ጣለችው። ከሩቅ፣ ከራስ ዳሽን በኩል፣ ሰማዩ አንዴ አጉረመረመ። ዓይኗን ጨፍና ገመዱን ሰካችውና ማሽኑን አበራች።

የስክሪኑ መስመሮች መሮጥ ጀመሩ። ዜሮ ተነሳ። ከዚያ መስመሮቹ ቆሙ። ጠበቀች። ማሽኑ አንድን ፈልጎ እንዳጣው ጽፎ አለፈ።

«የለም ይላል?» አለች ጮክ ብላ። አዲሱም ካርድ የተበላሸ መሰላት። ሌላ ትርፍ ካርድ ደግሞ የላትም። ላብ በጀርባዋ ወረደ፤ ከውጭ የሚገባው ነፋስ ቀዝቃዛ ነው። የማሽኑን መዝገብ ከፍታ የተሰኩትን ነገሮች ሁሉ አየች፤ አዲሱ ካርድ አለ! ስሙ ግን ሁለት ነው። ያኔ ገባት። ማሽኑ እያንዳንዱን ካርድ ከፋብሪካው በተቀረጸበት ቁጥር ለይቶ ያውቀዋል። አንድ የሚለውን ስም ለሞተው ካርድ ሰጥቶታል፤ ሞተ ብሎ አይነጥቀውም። ለአዲሱ ሌላ ስም አወጣለት። ፋይሏ ደግሞ ስለ ሁለት የምታውቀው ነገር የለም።

ፋይሏን ማረሙን ለኋላ ተወችው። ወርቄ እየደማች ነው። ትእዛዙን በእጇ ጻፈች፦ ሁለት ይነሳ፣ የአንድ አድራሻ ለእሱ ይሁን። ከካርዱ ጀርባ ትንሿ መብራት አረንጓዴ ሆነች። ጠረጴዛው ላይ ያለችው፣ በመስመሩ ላይ የሚነገረውን ሁሉ የምታሰማው ድምጽ ማጉያ መጀመሪያ ጭው አለች፣ ከዚያ የሴት ድምጽ ሆነች።

«... ደባርቅ፣ ደባርቅ፣ እባካችሁ...»

«ዓለምብርሃን!» አለች ሕሊና ማይኩን ጨምቃ። «ሕሊና ነኝ። ዶክተር ምስክር መስመር ላይ ነው።»

ከወዲያ በኩል ለቅሶ መጣ፣ ወዲያው ታፈነ። ዶክተሩ ገባ። ድምጹ የተረጋጋ ነበር፤ በቢሮዋ በር የገባው ሰው አይመስልም። «ዓለምብርሃን፣ አይዞሽ። የልብ ምቷን ንገሪኝ። መርፌውን ሰጥተሻታል? ጥሩ። አሁን እጅሽን እስከ ክርንሽ ታጠቢ። ጓንቱን አድርጊ። አትቸኩይ፣ እኔ የትም አልሄድም።»

ሕሊና ቦርሳዋን አነሳች። ሥራዋ አልቋል። መስመሩ ሠርቷል፤ መውረድ ትችላለች። በሩ ጋ ስትደርስ ሰማዩ እላይዋ ላይ ተሰነጠቀ። ብርሃኑና ድምጹ አንድ ላይ አልነበሩም፤ በመሃላቸው ጥቂት ትንፋሽ አለ። ግን ቀርቧል።

«ውጪ፣ ውጪ ልጄ!» አሉ ጋሽ ቢራራ ከውጭ። «ምሰሶው ማጉረምረም ጀምሯል!»

እውነትም ምሰሶው እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል። የእጇ ጸጉር ብድግ ብሎ ቆሟል። ቆዳዋ ላይ የሸረሪት ድር የተጣለባት መሰላት። እግሯ ወደ ውጭ አንድ እርምጃ ወሰደና ቆመ።

በእጇ የጻፈችው ትእዛዝ ማሽኑ እስካልጠፋ ድረስ ብቻ ነው የሚኖረው። መብረቁ ባይመታው እንኳ አጠገቡ ወድቆ ኃይሉን አንዴ ቢያቋርጥበት ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳል። ሲነሳ የሚያነበው ያቺኑ ፋይል ነው፤ ፋይሏ ደግሞ የሞተውን ካርድ እንጂ ሁለትን አትጠራም። ዓለምብርሃን እጇ የሰው ሆድ ውስጥ እያለ ብቻዋን ትቀራለች። ያኔ እዚህ ሆኖ የሚጽፍ ሰው የለም። ከደባርቅ ሆና ብታርመውስ? ምናልባት። ግን ደባርቅ እስክትደርስ የሚፈጀውን ጊዜ ወርቄ የላትም።

«ጋሽ ቢራራ፣ እርስዎ ይውረዱ!» ብላ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ፋይሏን ከፈተች። የምትቀይረው ጥቂት ነገር ነበር፦ አንድ ያለበትን ቦታ ሁሉ ሁለት ማድረግ። ጥርሷ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱን ቁልፍ ልትነካ ሌላውን ነካች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። ውጭ በረዶ የጎጆውን ቆርቆሮ ጣሪያ መደብደብ ጀመረ። ጎጆው ውስጥ ብርሃን ገብቶ ወጣ፤ የገዛ ጥላዋ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ጠፋ። ከድምጽ ማጉያዋ ዶክተሩ ይናገራል። «ቀስ ብለሽ እትብቱን ተከተይው። በሌላው እጅሽ ከላይ ሆዷን ደግፊ። ምን ይሰማሻል?» ዓለምብርሃን አንዳች ነገር መለሰች፤ በረዶው ዋጠው።

ሕሊና የታረመችውን ፋይል አስቀመጠች። ልትሮጥ ተነሳች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ማሽኑ ፋይሏን አንብቦ ዝም ይላል። የጻፈችውን በጣቷ እየተከተለች፣ ገና ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ፣ ድምጿን አውጥታ አነበበችው። «እመቤቴ፣ እመቤቴ» የሚለው በመሃል በመሃል የሚገባው ቃል ከማን አፍ እንደሚወጣ አላወቀችም። ከዚያ ወጣች።

ጋሽ ቢራራ አልወረዱም ነበር። በሩ ጋ ቆመው ክንዷን ያዙና እየጎተቱ ከኮረብታው አፋፍ በታች ወዳለ ጎድጓዳ ቦታ አወረዷት። ጠመንጃቸውን ከእነሱ ራቅ አድርገው ሣሩ ላይ ጣሉት። «ቁጭ በይ። እግርሽን ገጥሚ። እንዳትተኚ» አሉ። ተቀመጠች። በረዶው ጭንቅላቷን፣ ጀርባዋን፣ ጆሮዋን ይወግራታል። አጎቷን አየችው፤ ሞፈሩን ተደግፎ።

ምሰሶው ተመታ። ድምጽ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ አገሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ደረቷን በሁለት እጁ የገፋት ያህል ነበር። ከመሬት በኩል አንድ ነገር በተረከዟ ገብቶ በጉልበቷ ወጣ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሰማችም። ጋሽ ቢራራ አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ብቻ ታያለች። ቀና ስትል ምሰሶው ቆሟል፤ ከጎጆው በር ቀጭን ጭስ ይወጣል።

ማሽኑ ጠፍቷል። ይህን ያለ ማንም ነጋሪ አወቀችው። ተነስቶ ይሆን? ወይስ ቀልጧል? ወይስ ፋይሏ ላይ አንዲት ፊደል ስታለች?

ስትነሳ ሽማግሌው ጃኬቷን ጨመደዱት። ጆሮዋ ቀስ በቀስ ሲከፈት ድምጻቸው ከጉድጓድ እንደሚመጣ ሆኖ ደረሳት። «ወዴት? ትሞቻለሽ! መብረቅ አንዴ መትቶ ሄደ ብለሽ ነው?»

«ማየት አለብኝ።»

«ምን ልታደርጊለት? ከተቃጠለ ተቃጠለ!»

እውነታቸውን ነው። ትርፍ ካርድ የላትም፣ ሌላ ማሽን የላትም። ነገር ግን እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ሳታውቅ መቀመጡ ከመብረቁ የባሰ ሆነባት። ጃኬቷን ከእጃቸው አስለቅቃ በአራት እግሯ፣ በሣሩና በበረዶው ላይ፣ ሽቅብ መዳህ ጀመረች። ብልጭ ባለ ቁጥር መሬት ላይ ትለጠፋለች። ሱሪዋ ሙቀት ሲያገኝ ምን እንደሆነ ገባት፤ አላፈረችም፣ ለማፈር ጊዜ አልነበራትም። የጎጆው ደፍ ላይ ስትደርስ ከዚያ በላይ መሄድ አቃታት። ጆሮዋን ወደ ጨለማው አስጠጋች።

ጭው የሚል ድምጽ ብቻ ነበር። የጆሮዋ ይሁን የማጉያዋ አልለየችውም።

ከዚያ፦ «... ዓለምብርሃን? ዓለምብርሃን፣ ትሰሚኛለሽ?»

ሕሊና ጆሮዋን ይበልጥ አስጠጋች።

«ዶክተር! ዶክተር፣ የት ሄደው ነበር?»

«እዚሁ ነኝ። እዚሁ ነኝ። እጅሽ የት ነው ያለው?»

«አላወጣሁትም። እንዳለ ነው።»

«ጎበዝ። በጣቶችሽ ጫፍ፣ በጎን በኩል፣ እንደሚላጥ ነገር ቀስ አድርገሽ አላቂው።»

ሕሊና ደፉ ላይ በደረቷ እንደተኛች ሰማች። ጭሱ የሚወጣው ከቀለጠው መከላከያ ነበር፤ መብረቁ በዚህ ጊዜ በምሰሶው ብረት ወደ መሬት ሳይወርድ አልቀረም። ስክሪኑ ላይ ነጫጭ መስመሮች ቆመዋል። በመጨረሻዎቹ ላይ ዜሮ ተነሳ፣ ሁለት ተነሳ ይላል። ማሽኑ ማንም ሳይነካው፣ የተጻፈለትን አንብቦ፣ ሁለቱንም ቀስቅሷቸዋል። የምትሠራው ነገር አልነበረም። ቢሆንም ከዚያ አልተነሳችም። ዓለምብርሃን «ወጣ! ዶክተር፣ ሙሉውን ወጣ!» እስክትል፣ ዶክተሩም «ሆዷን እሺው፣ ደሙን ንገሪኝ» እስኪል፣ ከብዙ ቆይታ በኋላም «ደሙ ቀንሷል፣ ማሕጸኑ እየጠጠረ ነው» የሚል ቃል እስኪመጣ ድረስ እዚያው ነበረች። ጋሽ ቢራራ መጥተው በብብቷ ገብተው ሲያነሷት ዝናቡ ወደ ሊማሊሞ በኩል አልፎ ነበር።

መኪናው ውስጥ ስትገባ አስመለሳት። ፀጋው አንገቷን ደግፎ ውሃ ሰጣት። የግራ ጆሮዋ ለሳምንታት ሲያፏጭ ከረመ። ደባርቅ እንደደረሰች አተኮሳት፤ ከአልጋዋ ስትነሳ ዶክተር ምስክር ሊጠይቃት መጥቶ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ዶክተር» አለችው፣ «እኔ መብረቅ እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ሲያጉረመርም መቆም አልችልም።»

ዶክተሩ በርጩማውን ወደ አልጋዋ አስጠጋ። «ለምን አልነገርሽንም?»

«ብነግርህ ያን ቀን አትልከኝም ነበር?»

ዶክተሩ መልሱን አሰበበት። «እልክሽ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሌላ ማን አለ?»

ያ መልስ ደስ አላሰኛትም፤ ግን አመነችው። ከዚያ በኋላ ድርጅቱን ወትውታ አዲስ መከላከያና ወደ መሬት የሚቀበር ወፍራም የመዳብ ሽቦ አስመጣች። ሽቦው ሳይቀበር ወደዚያ ኮረብታ እንደማትወጣ በግልጽ ተናገረች፤ ማንም አልተቆጣትም።

ወርቄን የጊች ሰዎች በማግስቱ በቃሬዛ ጅንባርን አሻግረው አወጧት። ሆስፒታል ደም ተሰጣት። ሕሊና ልትጠይቃት ስትገባ የኔሰው አልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተኝቷል፣ ሕፃኗ በእናቷ ጎን ተጠቅልላለች። ወርቄ የገረጣች፣ ዓይኗ የጎደጎደ፣ ግን ወሬዋ የማያልቅ ሴት ነበረች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት ሕሊና።

«ማርያም ታኑርሽ። አንቺ ነሽ አሉ የሽቦዋ ልጅ?»

«እኔ ነኝ።»

«ያ ሰውዬ ድምጹ ሲጠፋ» አለች ወርቄ፣ «የዚያች ልጅ እጅ ሆዴ ውስጥ ነበር። ቀጥ አለች። ፊቷን አየሁት፤ እኔ ሳልሆን እሷ የምትሞት ነው የመሰለኝ። ‹እህቴ፣ ጠፋ፣ ምን ልሁን?› አለችኝ። እኔስ ምን አውቃለሁ? ‹ቆዪ አትንቀሳቀሺ፣ ይመጣል› አልኳት።»

«ይመጣል ያልሻት በምን አውቀሽ ነው?»

«አላወቅሁም» አለች ወርቄ። «ፈርቼ ነው። እሷ ከሮጠች እኔ አለቀልኝ።»

ሕሊና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ውጭ ሰማዩ እየከበደ ነበር። ወርቄ ሕፃኗን ከጎኗ አነሳችና፣ ያዥልኝ እንኳ ሳትል፣ በሕሊና እቅፍ ውስጥ አስቀመጠቻት።